ለሐሊብ ሞተሪስት

ውድ ኪዳኔ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ጀመርነው። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ካለህበት ይልቅ የእኛ ነው የሚያስጠይቀው። ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ድሮው ደረጃ ባየ ቁጥር ይከራከረኛል። ልጃችን ሩት በየእሑዱ ከሊትልተን ትመጣለች፤ ልጆቿ ቁመታቸው ከእኔ አልፏል፣ አጎንብሰው ነው የሚስሙኝ። መኝታ ቤቱን ቀለም አስቀባሁት፤ ያንን የማትወደውን ቢጫ። ቀለም ቀቢው «የትኛው ይሁን?» ሲለኝ ትንሽ አመነታሁ። የሚከለክለኝ እንደሌለ ሳስበው ከፋኝ፤ ቢሆንም ቢጫውን አልኩ። ብታየው ሳምንት ታኮርፍና ከዚያ ትለምደዋለህ።

የመኪና መጎተቻ ትራክህን ሙሉጌታ ወስዶታል። ያን ያህል ዓመት አብሮህ የሠራ ሰው እያለ ለማላውቀው መስጠት አልሆነልኝም። ስልክህን ግን አላዘጋሁትም። በረዶ በጣለ ቁጥር ይጮኻል። አንዱ ከሃቫና ጎዳና፣ ሌላው ከኤርፖርቱ መንገድ ይደውልና «ካፒቴን፣ መኪናዬ ቆመችብኝ፣ ድረስልኝ» ይላል። እስካሁን ያልሰማ ሰው አለ ማለት ነው። እኔም ማረፍህን እነግረውና ሙሉጌታን እልክለታለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ መኪናውን ይረሳና ያጽናናኛል። በዚያ ብርድ መንገድ ዳር ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናቴ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ መኪናህ ውስጥ ግባ ብዬ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚሁ ስለ ካፒቴንነትህ ነው።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ የመቃብርህን ድንጋይ ማሠራት ነበረብን። ሩት በኮምፒውተር ሠርታ አመጣችልኝ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከላይ አንዲት ጎታች ጀልባ ከነጭስ ማውጫዋ ተስላበታለች፣ ከሥሯ በትልቁ «ካፒቴን ኪዳኔ» ይላል። ሥራው ያምራል፣ አልዋሽህም። ልጅቷ ከሆስፒታል ሥራዋ መልስ ዕረፍቷን ትታ ነው የደከመችበት። እኔ ግን ሳየው «ካፒቴን» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ካፒቴን አላገባሁም። ያገባሁት የጎታች ጀልባዋን፣ የሐሊብን ሞተሪስት ነው። እኔ ስሞት አንተን በሥራህ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቤት አይኖርም፤ የሚቀረው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ላይ ካፒቴን ከተጻፈ ደግሞ አንተ የለህም፤ እኔም ከማላውቀው ሰው ጎን እቀበራለሁ ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ሳስታውሰው ስለሚያስቀኝ ልጻፈው። አገሩ ገና አዲስ ሆኖብን፣ ካፒቶል ሂል በዚያች ማሞቂያዋ ስትንኳኳ በምታድር አፓርታማ ስንኖር፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳለን በረዶው ወረደና ስንወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድም መኪና መንቀሳቀስ አቃተው። አንተ ሄደህ የምትሠራበትን ጋራዥ ትራክ ይዘህ መጣህና አንድ በአንድ አወጣሃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ገመዱን አስሮ ይፈተልካል። አንተ ገመዱ ቀስ ብሎ እስኪጠብቅ ትጠብቃለህ፤ ከጠበቀ በኋላ ነው ኃይል የምትሰጠው። ይህን የት ተማርክ ሲሉህ አሰብ ወደብ፣ ጎታች ጀልባ ላይ አልካቸው። በዚያው ካፒቴን ሆንክ። «ኧረ እኔ ሞተሪስት ነበርኩ» ብትል ማን ይስማህ። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር የደበቀ ይመስለዋል። «ትሕትናውን አያችሁ» አሉ። በተከራከርክ ቁጥር ማዕረግህ ጨመረ፤ ወደ ማታ ላይ አንዲት ሴት የባሕር ኃይል መኮንን እንደ ነበርክ ለጓደኛዋ ስትነግር በጆሮዬ ሰማሁ። ያን እሑድ ሙሉ ስትከራከር ዋልክ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ካፒቴን ሲሉህ አቤት አልክ። እኔም ወደድካት አይደል እያልኩ አበሽቅህ ጀመር፤ ስቀህ ዝም ትላለህ።

እውነተኛው የሐሊብ ካፒቴን እኮ ደግሞ እዚሁ ነበሩ። ጋሽ ስዩም ከእኛ ቀድመው መጥተው ያስመጡን፣ የምንተኛበትን ፍራሽ እንኳ በትከሻቸው ያመጡልን ሰው ናቸው። መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ነበር። እሳቸውን ካፒቴን የሚላቸው አልነበረም፤ አቶ ስዩም ነበሩ፣ በቃ። ሰው በሌለበት አንተ እርስዎ እያልክ በር ትከፍትላቸዋለህ። ሰው ባለበት ደግሞ አንተ ካፒቴን ስትባል እሳቸው ከጎንህ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። የራስህን ትራክ ከገዛህ በኋላ በረዶ የጣለ እሑድ አብረውህ ይወጡ ነበር። ጆሮህ ስለማይሰማ ውጭ ቆመው የትራኩን ጎን በመዳፋቸው ይመቱልሃል፤ ሁለቴ ከመቱ ወደ ፊት፣ አንዴ ከመቱ ቁም ነው። አንተም ጥሩምባ ነክተህ ትመልሳለህ። ይህን ያየ ሰው ካፒቴኑ ረዳት ቀጠረ ይል ነበር።

ሩትን አስቀምጬ የመሥሪያ ቤትህን ታሪክ ከሥሩ ነገርኳት። አሰብን የለቀቀችው በጀርባዬ ታዝላ ስለሆነ የምታውቀው ነገር የለም። ኩባንያው ሲጀመር የአንድ ግሪክ ነበር አልኳት። ግሪኩ በከሰል እንፋሎት የምትሠራ አሮጌ ጀልባ ከማዶ ገዝቶ አመጣና በሚስቱ ስም ማሪያና አላት። ትልልቅ መርከብ ወደብ ውስጥ በራሱ መዞር አይችልም፤ አንዷ ትንሽ ጀልባ ከፊት ትስበዋለች፣ ሌላዋ ከጎን ትገፋዋለች፣ እንደዚህ ተደግፎ ነው የሚገባው። ማሪያና ግን ለብዙ ጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ እየሮጠች አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን ትሆናለች። ስትነሣ ጭሷ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ድረስ የተሰጣ ልብስ ያጠቁር እንደ ነበር ከእኛ በፊት የነበሩት ያወሩ ነበር። የነዳጅ መርከቦች መምጣት ሲጀምሩ አንዲቷ አልበቃ አለችና ግሪኩ በናፍጣ የምትሠራውን ሐሊብን ጨመረ። ስሟን በወደቡ ፊት ካሉት ደሴቶች ከአንዷ ነው የወሰደላት።

መንግሥት ኩባንያውን ሲወርስ ግሪኩ ሄደ፤ የማሪያናንም ስም ቀየሩት፤ ሠራተኛው ግን ማሪያና ማለቱን አልተወም። ከዚያ ሦስተኛዋ ጽናት መጣች፤ አዲስ ናት፣ ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ሞተሩን ራሱ የሚያዝባት። በእሷ ላይ ሞተሪስት መሆን ዘይት ማየት ብቻ ነው እያልክ ትንቃት ነበር። ወደ እሷ ልናዛውርህ ሲሉህ እምቢ ብለህ ከጋሽ ስዩም ጋር ሐሊብ ላይ ቀረህ። በመጨረሻ ጦርነት መጣ፣ መርከብ መምጣት አቆመ፣ ሰዉ ተበተነ። ማሪያና ከዚያ በፊት ተቆራርጣ ብረት ሆናለች፤ ጽናትን ወደ ሌላ ወደብ ወሰዷት። ሐሊብን አንዱ ሰጠመች ይላል፣ ሌላው ጅቡቲ ቆማ አየኋት ይላል። አንተ ጅቡቲ አለች የሚለውን ነበር የምታምነው፤ ስለዚህ ለሩትም እንደዚያ ነገርኳት።

ከዚያ ስለ ደወሉ ነገርኳት። ሐሊብ ላይ ካፒቴኑ ከላይ ነው፤ መርከቡን፣ ነፋሱን፣ ወደቡን ያያል። ሞተሪስቱ ከታች ነው፤ የሚያየው ሞተርና ግድግዳ ነው። ካፒቴኑ እጀታውን ሲገፋ ታች ደወል ይጮኻል፣ የሰሌዳው መርፌም ቀስ ብለህ ወደ ፊት፣ ወይ ቁም፣ ወይ በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ወደሚለው ትሄዳለች። ሞተሪስቱም የራሱን እጀታ ገፍቶ ያንኑ ትእዛዝ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ያን ሁሉ መርከብ ስታስገባና ስታስወጣ ውጭ የሚሆነውን አላየህም። ለምን ቁም እንደ ተባለ፣ ወደ ኋላስ የተባለው ምን ሊመጣ ሲል እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ደወሉ ሲጮኽ ትመልሳለህ፣ ሥራህ ይኸው ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጩኸት።

ስንተዋወቅ እንኳ ጆሮህ በግማሽ ሄዶ ነበር። እኔ የወደቡ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነበርኩ፤ አንተ የጋለ ቧንቧ የለበለበው ክንድህን ይዘህ መጣህና ስምህን ጮኸህ ነገርከኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየህ። ወንድሜ፣ እኔ ሞተር አይደለሁም፣ እሰማለሁ አልኩህ። በማግሥቱ ክንድህ ታሽጎ ደህና ሆኖ ሳለ ካርድ ልታወጣ ተመልሰህ መጣህ።

ከተጋባን በኋላ ደግሞ በአንድ የዕረፍት ቀንህ ወደ ወደቡ አጥር ወሰድከኝ። ሐሊብ በተረኞቹ ሠራተኞች አንድ ስንዴ የጫነ መርከብ እየሳበች ታስገባ ነበር። እኔ የመርከቡ ግዝፈት አስደንግጦኝ ስዞር ዓይንህ እንባ ሞልቶ አገኘሁት። «እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?» አልከኝ። ውስጧ ሆነህ ያን ያህል ስትሠራ ከውጭ ምን እንደምትመስል በሥራ ላይ አይተሃት አታውቅም ነበር። እስኪጨልም ቆመን ስናያት አመሸን። እንግዲህ እኔ ያን ቀን አጠገቤ የቆመውን ሰው ነው ድንጋይ ላይ የፈለግሁት።

ሩት ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ገብቶኛል፣ ሪሊ ገብቶኛል» አለችኝ፤ «ግን ድንጋዩን ቼንጅ ብናደርገው ሰው ምን ይላል? ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶናል ነው የሚሉት። አባዬን ዋሾ ልታደርጊው ነው?» ይህን አላሰብኩትም ነበር። ካፒቴን ብዬ ብጽፍ አንተን አጠፋሁህ፤ ሞተሪስት ብዬ ብጽፍ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ጥቂት ቀን ተኳረፍን። እኔም ቤቱ ውስጥ ከፎቶህ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ፤ አንተ እንደ ልማድህ ዝም።

በኋላ ሩት ራሷ ደውላ «ጋሼ ስዩምን እንጠይቃቸው፤ ካፒቴን የሚለው ስም የእሳቸው አይደል?» አለችኝ። በአንዱ ከሰዓት የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ቤታቸው ፓርክ ሂል ሄድን። አሁን በአራት እግር ምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ በር ለመክፈት ሲመጡ ቆመን ብዙ ጠበቅናቸው። ሩት ሥዕሉን በስልኳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና መጀመሪያ ያሉት «የጭስ ማውጫዋ ትንሽ ወደ ኋላ ነበር» ነው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው እስከ ዛሬ ያላወቅነውን ነገሩን።

ያን የበረዶ እሑድ፣ አንተ መኪናዎቹን ስታወጣ፣ የአሰብ ልጅ የሆነ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ «የሐሊብ ካፒቴን እዚህ ከተማ አሉ ይባላል፤ የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ስዩም ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ ሥራ ሊሄዱ ነበር፤ ከካፖርታቸው ሥር የትኬት ቆራጩን ዩኒፎርም ለብሰዋል። የጠየቀው ሰው ዓይኑ እሳቸው ላይ ሲመጣ እጃቸውን አንሥተው አንተን አሳዩት። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስትሸኛቸው «ይህን ስም አንተ ያዝልኝ፤ እኔ በዚህ ልብስ አልችለውም» አሉህ። ለሩት ሲነግሯት «አባትሽ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ። «እንደ ሐሊብ ጊዜ ነው። እሺ አለኝ፣ ያዘልኝ።» ደህና ሥራ ሲያገኙ ሊወስዱት አስበው ነበር፤ ሥራው ሳይመጣ ቀረ። በኋላ ልናገር ሲሉህ ደግሞ ይቆይ፣ አይከብደኝም እያልክ አስቀረሃቸው። እኔን እንዳትነግረኝም አደራ ያሉህ እሳቸው ናቸው።

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ወደድካት አይደል እያልኩ ሳበሽቅህ ምን ያህል ጊዜ ልትመልስልኝ ትችል ነበር። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ትራስ ተካፍለን አንድም ቀን አላመለጠህም። ጋሽ ስዩም ሩትን «ሞተሪስት ብለሽ ጻፊ» አሏት። ዋሸ የሚል ከመጣ እኔ አለሁ አሉ።

ስንመለስ ሩት ኮልፋክስ ላይ መኪናውን ጥግ አስይዛ ፓርክ አደረገችና መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ነዳች። በማግሥቱ አዲሱን ሥዕል ላከችልኝ፤ ጀልባዋ አለች፣ ስምህ አለ፣ ከሥሩ «የሐሊብ ጎታች ጀልባ ሞተሪስት» ይላል።

ሙት ዓመትህ ላይ ጸሎቱ አልቆ ሰዉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ጋሽ ስዩም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቁጭ ብለው ይናገሩ ቢባሉ እምቢ አሉ። ኪዳኔ ካፒቴን አልነበረም አሉ። ሰዉ ማንኪያውን እንደ ያዘ መብላቱን ተወ። «የሐሊብ ካፒቴን እኔ ነበርኩ። ትኬት ቆራጭ ሆኜ ካፒቴን መባሉ አሳፈረኝና ለእሱ ሰጠሁት። እሱ ነግሯችሁ ነበር፤ አላመናችሁትም። እሱ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ የተደበቅሁት።» ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጥቂት ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ የሸመገሉት አንገታቸውን ደፉ። ያቺ የባሕር ኃይል መኮንን ያደረገችህ ሴት ብድግ ብላ ሄዳ ውኃ ሰጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። ማንም ዋሸ አላለህም፣ ኪዳኔ። ያን ያህል ስፈራው የነበረው ነገር ሳይመጣ አለፈ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ በረዶ ነበር። ሙሉጌታ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ «ቀስ ይበሉ፣ ካፒቴን» አላቸው። በዚህ አገር በዚህ ስም የጠራቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጋሽ ስዩም ቆሙ። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ኋላ አዩ። አንተ የተጠራህ መስሏቸው እየፈለጉህ ነበር። እኔም አብሬያቸው ዞርኩ።

ድንጋይህ ጋ ከሩት ጋር የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ተቆጥቼህ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። ለሰው ያደረግከው ጥሩ ነው፤ ግን እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ለእኔ ብትነግረኝ የት አደርሰው ነበር? ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኩህ፤ ሩት ትንሽ ራቅ ብላ ጠበቀችኝ። ተናግሬ ሲወጣልኝ ሌላ ነገር ገባኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ካፒቴን ሲሉህ አቤት ስትል፣ ኪዳኔ ሞተሪስቱ ከእኔ በቀር ቤት አልነበረውም። የእኔን አፍ አምነህ ነው ስምህን የተውከው።

ስለዚህ አታስብ። የልጅ ልጆችህ አሁንም ካፒቴን ይሉሃል፤ ቀስ በቀስ እነግራቸዋለሁ። ክንድህ ላይ የነበረውን ጠባሳ፣ ጮኸህ የምታንሾካሽከውን፣ ሐሊብን ከውጭ ያየህባትን ቀን አልረሳም። አንተ የሰው ስም ይዘህ ኖርክ፤ ያንተን እስክመጣ ድረስ እኔ ይዤልሃለሁ።

ሚስትህ ፀዳለ
አውሮራ